ከዴልሂ ቶኪዮ፦ የበረራ ርቀትንና ጊዜን ስናሰላ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሕንድ ዋና ከተማ በዴልሂና በጃፓን ዋና ከተማ በቶኪዮ መካከል ያለው የአየር ርቀት፣ በምድር ገጽ ላይ በአጭሩ መንገድ ሲለካ፣ 5,900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚበር የሚያውቅ ሰው፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ለሁለተኛው አካፍሎ ስድስት ሰዓት ተኩል የሚል መልስ ያገኛል። ከዚያ ቲኬቱን ሲመለከት፣ ለምሳሌ ከዴልሂ 20:00 ላይ የተነሣው አውሮፕላን በማግስቱ 07:00 ቶኪዮ እንደሚደርስ፣ በመልሱ ደግሞ ከቶኪዮ 11:00 ላይ ተነሥቶ በዚያው ቀን 17:00 ዴልሂ እንደሚያርፍ ተጽፎ ያገኘዋል። ሰዓቶቹን እንዳሉ ቢቀናንስ መሄጃው አሥራ አንድ ሰዓት፣ መመለሻው ስድስት ሰዓት ይመስለዋል። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ መብረር ረጅም፣ ወደ ምዕራብ መብረር አጭር ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በዚህ ቲኬት መሠረት መሄጃው ሰባት ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይፈጃል።

ይህን መስመር የመረጥኩት፣ በእስያ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀትና ጊዜ በማስላት ረገድ የሚፈጸሙት ስህተቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድነት የሚታዩበት ስለሆነ ነው። ሁለቱም ከተሞች የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበርባቸው ናቸው፤ ዴልሂ በተለይ ለሕክምናና ለትምህርት የሚሄዱ በርካታ ወገኖቻችን የሚያውቋት ከተማ ናት። ከዚህ በታች ስህተቶቹን አንድ በአንድ እያነሣን ስድስት ሰዓት ተኩል የነበረው የመጀመሪያ ስሌት እንዴት ቲኬቱ ላይ ወዳለው ቁጥር እንደሚደርስ እንመለከታለን።

ሁለት የተለያዩ ሰዓቶችን እንደ አንድ ሰዓት መቀነስ

ቲኬት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ ሰዓት ነው፤ የመድረሻው ሰዓት ደግሞ የመድረሻው ከተማ ነው። የዓለም ሰዓቶች ሁሉ ከሚለኩበት መነሻ፣ ከግሪንዊች ሰዓት፣ ሕንድ በአምስት ሰዓት ተኩል፣ ጃፓን በዘጠኝ ሰዓት ይቀድማሉ። ስለዚህ ቶኪዮ ከዴልሂ በሦስት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ይህን ልዩነት ቲኬቱ ላይ ከሚታየው ጊዜ መቀነስ፣ ወደ ምዕራብ ሲበሩ ደግሞ መደመር ያስፈልጋል። አሥራ አንድ ሲቀነስ ሦስት ተኩል፣ ሰባት ተኩል ይሆናል፤ ስድስት ሲደመር ሦስት ተኩል፣ ዘጠኝ ተኩል ይሆናል።

መደመርና መቀነሱ የሚያምታታው ሰው አስተማማኝ መንገድ አለው፦ ሁለቱንም ሰዓቶች መጀመሪያ ወደ ግሪንዊች ሰዓት ይለውጣቸው። በዴልሂ 20:00 ማለት በግሪንዊች 14:30 ነው፤ በቶኪዮ በማግስቱ 07:00 ማለት በግሪንዊች የዋዜማው 22:00 ነው። በመካከላቸው ያለው ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ይህ ዘዴ ለየትኛውም ሁለት ከተሞች ይሠራል፤ በተለይም ልዩነቱ ሙሉ ሰዓት ላልሆነባቸው አገሮች ጠቃሚ ነው። የሕንድ ሰዓት ግማሽ ሰዓት የተቀጠለበት፣ የኔፓል ደግሞ አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ የሚቀድም በመሆኑ፣ ሙሉ ሰዓት ብቻ እየቆጠረ የሚያሰላ ሰው በእነዚህ አገሮች ሁልጊዜ ይሳሳታል።

ሕንድም ጃፓንም በሙቀት ወራት ሰዓታቸውን ወደፊት የሚገፉ አገሮች አይደሉም፤ ስለዚህ የሦስት ሰዓት ተኩሉ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ወደ ቴል አቪቭ የሚበር ሰው ግን እስራኤል በመጋቢት ሰዓቷን በአንድ ሰዓት እንደምትገፋና በጥቅምት እንደምትመልስ ማስታወስ አለበት።

የእኛን ሰዓት ከዓለም አቀፉ ጋር ማደባለቅ

ይህ ስህተት የአማርኛ ተናጋሪውን በተለየ ሁኔታ የሚመለከት በመሆኑ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። ቲኬት ላይ ያለው 20:00 በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ 07:00 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ይህን አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። ብዙዎችን በረራ የሚያስመልጠው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሰዓት ነው።

ከዴልሂ የሚነሡ ዓለም አቀፍ በረራዎች ብዙዎቹ ሌሊት ላይ ናቸው። ቲኬቱ «ማክሰኞ 00:30» የሚል ከሆነ፣ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚለወጥ ማክሰኞ ከገባ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል ማለት ነው። በእኛ የዕለት ተዕለት አነጋገር ግን ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነውና፣ ይኸው ሰዓት ሰኞ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል ይባላል። ከሦስት ሰዓት በፊት በአውሮፕላን ማረፊያው ለመገኘት ከቤት የሚወጣው ሰኞ ማታ ነው፤ ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣውን ይዞ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው ሃያ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ከ00:00 እስከ 05:59 ባለው ጊዜ የሚነሣ በረራ የያዘ ሰው ቀኑን ለቤተሰቡና ለሚሸኙት ሰዎች ሲናገር «ለማክሰኞ አጥቢያ» ቢል፣ ወይም ከቤት የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት ለይቶ ቢናገር፣ ብዙ ጭንቀት ይቀራል። ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ የሚታየው የመደመር ምልክትና አንድ ቁጥርም በማግስቱ እንደሚደርስ የሚናገር እንጂ የአንድ ሰዓት ጭማሪ አይደለም።

በዚሁ አጋጣሚ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚጠቅም አንድ እውነታ አለ። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ ጃፓን ደግሞ ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት። የእኛ አቆጣጠር ከዓለም አቀፉ በስድስት ሰዓት ስለሚለይ፣ በአዲስ አበባ በሐበሻ ሰዓት የተሞላ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ያለውን ሰዓት በትክክል ያሳያል። አዲስ አበባ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን በቶኪዮ ከቀትር በኋላ 2:00 ነው። መርፌዎቹ አንድ ቦታ ላይ ናቸው፤ የሚለያየው ቀኑ የደረሰበት ቦታ ብቻ ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል ስልክ የሚደዋወል ሰው ይህን ካወቀ ሌላ ማስያ አያስፈልገውም።

ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ርቀት መለካት

ከሰዓቱ ወደ ርቀቱ እንሻገር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደ የዓለም ካርታ ላይ ከዴልሂ እስከ ቶኪዮ ማስመሪያ ቢጋደም፣ መስመሩ በኔፓል ምዕራብ፣ በቲቤት ደቡብና በመካከለኛው ቻይና አድርጎ ያልፋል። ሉል ላይ ክር ወጥሮ የሚለካ ሰው ግን ክሩ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ የሂማላያን ተራሮች ተሻግሮ፣ የቲቤትን አምባ አቋርጦ፣ በሰሜን ቻይናና በኮሪያ ልሳነ ምድር በኩል ጃፓን እንደሚገባ ያያል። የሁለቱ መስመሮች አጋማሽ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃል። እውነተኛው አጭር መንገድ የሉሉ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ የሚነገረውን ማጋነንም መጠንቀቅ ይገባል። በዴልሂና በቶኪዮ መካከል የሁለቱ መስመሮች የርዝመት ልዩነት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ ትልቅ የሚሆነው ከተሞቹ ወደ ሰሜን ዋልታ ይበልጥ ሲቀርቡና በምሥራቅና በምዕራብ ይበልጥ ሲራራቁ ነው።

ከዚህ የከፋው ስህተት ኬንትሮስንና ኬክሮስን በእኩል መለካት ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ የትም ቦታ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ግን 111 ኪሎ ሜትር የሚሆነው በምድር ወገብ ላይ ብቻ ነው፤ በዴልሂ ኬክሮስ 98 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በቶኪዮ ኬክሮስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ዋልታው ላይ ከናካቴው ያልቃል። ዴልሂና የቶኪዮው ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ በኬንትሮስ 63.3፣ በኬክሮስ 7.2 ዲግሪ ይለያያሉ። ሁለቱንም በ111 አባዝቶ በፓይታጎረስ ቀመር የሚያሰላ ተማሪ 7,070 ኪሎ ሜትር የሚል ውጤት ያገኛል፤ ይህም ከትክክለኛው ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይበልጣል። በምድር ወገብ አቅራቢያ ያደገ ሰው ይህን ስህተት ለረጅም ጊዜ ላያስተውለው ይችላል፤ ምክንያቱም በኢትዮጵያ ካርታ ላይ ቢሠራበት ጥፋቱ ጥቂት ነው።

አውሮፕላኑ አጭሩን መንገድ ይከተላል ብሎ ማሰብ

አጭሩ መንገድ ቲቤት ላይ ያልፋል ብለናል። ከዴልሂ ወደ ቶኪዮ የሚሄዱ አውሮፕላኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ አይሄዱም። የተለመደው መንገዳቸው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ፣ ሂማላያን በስተግራ ትቶ የጋንጀስን ሜዳ የሚከተል፣ በባንግላዴሽና በምያንማር በኩል ወደ ደቡብ ቻይና፣ ወደ ኩንሚንግ አቅጣጫ የሚገባ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚያቀና ነው።

ተራሮቹ ከፍ ስላሉ አውሮፕላን አይሻገራቸውም የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። አውሮፕላኑ ከአሥር ሺህ ሜትር በላይ ይበራል፤ ከምድር ከፍታ ሁሉ የሚበልጠው የኤቨረስት ጫፍ እንኳ 8,849 ሜትር ነው። ችግሩ ያለው በአደጋ ጊዜ ነው። የአውሮፕላኑ ውስጥ የአየር ግፊት በድንገት ቢወርድ ለመንገደኞች የሚወርደው የኦክስጅን ጭንብል የሚሠራው ባብዛኛው ከ12 እስከ 20 ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አብራሪው ሰው ያለ ጭንብል መተንፈስ ወደሚችልበት ከፍታ፣ ማለትም ወደ 3,000 ሜትር ገደማ መውረድ አለበት። የቲቤት አምባ አማካይ ከፍታ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱም በጥቂት ደቂቃ በረራ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ ወደ 3,000 ሜትር ውረድ ቢባል የሚወረድበት ቦታ የለም። ተጨማሪ ኦክስጅን የያዙ፣ ለአደጋ ጊዜ የማምለጫ መንገድ አስቀድሞ የተጠናላቸው አውሮፕላኖች በልዩ ፈቃድ አካባቢውን ያቋርጡታል፤ ሌሎቹ ግን ይዞሩታል። ይህን ጥንቃቄ ማንም ተጓዥ እንደ ጊዜ ብክነት ሊያየው አይገባም።

በኩንሚንግ በኩል የሚዞረው መንገድ ርዝመት 6,340 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል፤ ከአጭሩ መንገድ በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበልጣል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ሲሰላ ሰባት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ይሆናል። የመጀመሪያው ስድስት ሰዓት ተኩል በዚህ አንድ ምክንያት ብቻ ግማሽ ሰዓት ጨምሯል።

መንገድን የሚያስረዝመው ተራራ ብቻ አይደለም፤ ፖለቲካም ነው። ለዚህ ከዴልሂ ቴል አቪቭ ካለው መስመር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የሁለቱ ከተሞች ርቀት በአጭሩ መንገድ 4,050 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስሌቱ አራት ሰዓት ተኩል ይላል። ሳዑዲ ዓረቢያ ወደ እስራኤል ለሚሄዱ አውሮፕላኖች ሰማይዋን ዘግታ በቆየችባቸው አሥርት ዓመታት፣ የእስራኤል አውሮፕላኖች ወደ ሕንድ የሚሄዱት ቀይ ባሕርን ተከትለው ወደ ደቡብ ወርደው፣ የዓረብን ልሳነ ምድር ዞረው ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 2018 የሕንድ አየር መንገድ፣ ኤር ኢንዲያ፣ በሳዑዲ ሰማይ ላይ አልፎ ከዴልሂ ቴል አቪቭ ሲገባ ጉዞው ሁለት ሰዓት ያህል አጠረ ተባለ፤ እንዲያም ሆኖ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ሳዑዲ ዓረቢያ ሰማይዋን ለሁሉም አየር መንገዶች ከፍታለች። ሰማይ እንደሚከፈት ሁሉ ይዘጋል፤ ስለሆነም ከጥቂት ዓመታት በፊት የተጻፈ የበረራ ጊዜ ዛሬ ትክክል ላይሆን ይችላል።

ነፋስን መርሳት

የመሄጃውና የመመለሻው ጊዜ በሁለት ሰዓት የሚለያይበት ዋናው ምክንያት ነፋስ ነው። በመካከለኛው ኬክሮስ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብና ኃይለኛ የነፋስ ጅረት አለ፤ ጄት ስትሪም ይባላል። በዓለም ላይ እጅግ ከሚበረታባቸው ቦታዎች አንዱ የጃፓን ሰማይ ነው። በጃፓን የብርድ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ከሳይቤሪያና ከእስያ ምድር የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ከፓሲፊክ ሞቃት አየር ጋር የሚገናኘው በዚያ ነው፤ በቲቤት አምባ ምክንያት ለሁለት የተከፈለው ነፋስም ከአምባው በስተምሥራቅ ተመልሶ ይገናኛል። በእነዚያ ወራት የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ይህን ነፋስ ቀድሞ በጥንቃቄ የለካው ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦይሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከቶኪዮ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው ታቴኖ ፊኛዎችን እየለቀቀ፣ የሚጓዙበትን አቅጣጫና ፍጥነት በመሣሪያ እየተከታተለ መዘገበ። ውጤቱን የዓለም ምሁራን ሁሉ እንዲያነቡት በማሰብ በ1926 ያሳተመው ለዓለም አቀፍ መግባቢያ ተብሎ በተፈጠረው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ነበር፤ ያን ቋንቋ የሚያነብ ጥቂት ስለነበረ ሥራው ከጃፓን ውጭ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ወደ ቶኪዮ የተላኩት የአሜሪካ ቢ-29 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ባልጠበቁት የነፋስ ኃይል ሲገፉ፣ ኦይሺ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የለካውን ነገር እንደ አዲስ እያገኙት ነበር። ይህን የምጠቅሰው የአንድ ታታሪ ሰው ሥራ እንዲታወስ ስለምፈልግ ነው፤ ዛሬ ከቶኪዮ የሚነሣ እያንዳንዱ በረራ ነዳጁን የሚቀዳው ይህን ነፋስ አስልቶ ነው።

ወደ ስሌታችን እንመለስ። በ6,340 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ላይ የነፋሱ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ወደ ቶኪዮ የሚሄደው አውሮፕላን ከምድር አንጻር በሰዓት 1,020 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ስድስት ሰዓት ከ13 ደቂቃ ይበቃዋል። የሚመለሰው በሰዓት 780 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚጓዝ ስምንት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል።

እዚህ ላይ በሒሳብ ጎበዝ የሆኑ ሰዎች ሳይቀር የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ፤ በመሄጃ የተገኘው ትርፍ በመመለሻ ይካካሳል ብለው ያስባሉ። አይካካስም። ያለ ነፋስ ደርሶ መልሱ አሥራ አራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ገደማ ይሆን ነበር፤ በነፋሱ ግን አሥራ አራት ሰዓት ከ21 ደቂቃ ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አውሮፕላኑ ነፋሱ በሚረዳው አቅጣጫ ስድስት ሰዓት ብቻ ሲቆይ፣ ነፋሱ በሚያግደው አቅጣጫ ስምንት ሰዓት ይቆያል። ጉዳቱ ከጥቅሙ የበለጠ ጊዜ ይሠራል።

በጃፓን የሙቀት ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ጄት ስትሪሙ ወደ ሰሜን ይሸሻል፣ ይደክማልም፤ በመሆኑም የሁለቱ አቅጣጫዎች ልዩነት በጥርና በነሐሴ አንድ አይሆንም። አየር መንገዶች በየወቅቱ የጊዜ ሰሌዳቸውን የሚያስተካክሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በወንበሩ ፊት ለፊት ባለው ስክሪን በሰዓት ከ1,060 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ፍጥነት ያነበበ መንገደኛም አውሮፕላኑ ከድምፅ ቀደመ ብሎ መደናገጥ የለበትም። ያ ቁጥር ከምድር አንጻር ያለው ፍጥነት ነው። አውሮፕላኑ ከከበበው አየር አንጻር ያለው ፍጥነት እንደተለመደው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ክንፉ የሚያውቀውም ይህንኑ ነው።

የምድርን ዙረት ምክንያት ማድረግ

ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ነው ልዩነቱ የመጣው የሚል ማብራሪያ በሰፊው ይነገራል። ይህ ማብራሪያ በራሱ ይፈርሳል፤ ምድር ከአውሮፕላኑ ሥር የምትዞር ቢሆን ኖሮ ዴልሂ ወደ አውሮፕላኑ እየመጣች መመለሻው ባጠረ ነበር፤ ቲኬቱ የሚያሳየው ደግሞ መመለሻው እንደሚረዝም ነው። አየሩም፣ አውሮፕላኑም፣ ከመነሣቱ በፊት የቆመበት ምድርም አብረው ይዞራሉ። ዙረቱ በነፋሱ አቅጣጫ ላይ ተጽዕኖ አለው፤ በጉዞው ጊዜ ላይ የሚሠራው ግን በነፋሱ በኩል ብቻ ነው።

በአየር ላይ ያለውን ጊዜ ከቲኬቱ ጊዜ ጋር ማመሳሰል

ያገኘናቸው ስድስት ሰዓት ከ13 ደቂቃና ስምንት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ አሁንም ከቲኬቱ ጋር አይገጥሙም። የቲኬቱ ጊዜ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከሚነቃነቅበት ቅጽበት ጀምሮ በመድረሻው መቆሚያ እስከሚቆምበት ድረስ ነው። በዚህ ውስጥ እስከ ማኮብኮቢያው የሚደረገው ጉዞና ወረፋ፣ ከ900 ኪሎ ሜትር በታች በሆነ ፍጥነት የሚወጣበትና የሚወርድበት ጊዜ፣ ለማረፍ ተራ የሚጠበቅበት፣ ካረፈ በኋላ እስከ ተርሚናሉ የሚኬድበት ሁሉ አለ፤ አየር መንገዱ ለመዘግየት መጠባበቂያ የሚጨምረውም አለ። ይህን ሁሉ አንድ ሰዓት ከሩብ ብንለው መሄጃው ሰባት ሰዓት ከ28 ደቂቃ፣ መመለሻው ዘጠኝ ሰዓት ከ23 ደቂቃ ይሆናል። ከቲኬቱ ጋር ተገናኘን።

ይህ ጭማሪ ከርቀቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ስለዚህ አጭር በረራ ላይ ይበልጥ ይሰማል። ከሴኡሉ ኢንቼዮን እስከ ናሪታ 1,260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ900 ሲካፈል አንድ ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይሆናል፤ የጊዜ ሰሌዳው ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይይዛል። የደቡብ ኮሪያና የጃፓን ሰዓት አንድ በመሆኑ በዚህ መስመር ላይ የሰዓት ልዩነት ሰበብ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የረጅሙን በረራ ጊዜ በርቀቱ አካፍሎ ያገኙትን ፍጥነት ለአጭሩ መጠቀም ያሳስታል።

የማይልን ዓይነት አለመለየት

በአቪዬሽን የሚሠራበት የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ የየብሱ ማይል 1.609 ነው። 5,900 ኪሎ ሜትር 3,190 የባሕር ማይል ያህል ወይም 3,670 የየብስ ማይል ያህል ነው። 3,190ን የየብስ ማይል መስሎት ወደ ኪሎ ሜትር የሚለውጥ ሰው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ያጠፋል። ከቁጥሩ አጠገብ የትኛው ማይል እንደሆነ ካልተጻፈ ቁጥሩን አለመጠቀም ይሻላል። አውሮፕላኑ ከፍ ብሎ ስለሚበር መንገዱ ይረዝማል የሚሉም አሉ፤ ይረዝማል፣ ግን በአሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ ጭማሪው በጠቅላላው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማስላቱ አያስፈልግም።

«ዳይሬክት» ሲባል አያርፍም ብሎ መረዳት

በአየር ጉዞ ሙያ ዳይሬክት በረራ የሚባለው በአንድ የበረራ ቁጥር የሚከናወን ነው፤ መካከል ላይ ሊያርፍ ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ናሪታ የሚያደርገው በረራ ኢንቼዮን ላይ አርፎ የሚቀጥል መሆኑ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከዴልሂ ወደ ቶኪዮ ደግሞ መሃል ሳያርፉ ከበሩት መካከል የጃፓን አየር መንገድ፣ ኤኤንኤ እና ኤር ኢንዲያ ይገኙበታል፤ በባንኮክ፣ በሲንጋፖር ወይም በሆንግ ኮንግ ትራንዚት የሚያደርጉ ቲኬቶችም በብዛት ይሸጣሉ። ለትራንዚቱ ቲኬት የሚነገረው ጠቅላላ ሰዓት የጥበቃውን ጊዜ ስለሚያካትት፣ ከሁለቱ ከተሞች ርቀት ጋር ማነጻጸር ትርጉም የለውም። ቲኬት ሲገዙ የጉዞ ወኪሉን መጠየቅ ያለብዎት «ዳይሬክት ነው?» ብለው ሳይሆን «መሃል ላይ የሚያርፍበት ቦታ አለ? ካለስ ስንት ሰዓት እጠብቃለሁ? ከአውሮፕላኑስ እወርዳለሁ?» ብለው ነው።

ከተማን እንደ አንድ አውሮፕላን ማረፊያ መቁጠር

ቶኪዮ ሁለት ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያዎች አሏት። ሀኔዳ በከተማዋ ደቡብ፣ ከባሕረ ሰላጤው ዳር ነው፤ ናሪታ ከመሃል ከተማው በስተምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዴልሂ ሲለካ በሁለቱ መካከል ያለው የርቀት ልዩነት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በሰማይ ላይ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። በምድር ላይ ግን ናሪታ ያረፈ መንገደኛ መሃል ከተማ ለመግባት በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል፤ ሀኔዳ ላረፈው ግማሽ ሰዓት ሊበቃው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ቲኬቶችን በዋጋ ብቻ ያነጻጸረ ሰው የማረፊያውንም ስም ማየት አለበት።

ሁለት የተለያዩ ቲኬቶችን ቆርጦ ናሪታ ላይ የሚያርፍና ከሀኔዳ የሚቀጥል ተጓዥ ጉዳይ ከሁሉም የከበደ ነው። በሁለቱ መካከል በአውቶቡስ ወይም በባቡር ለመሻገር ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ሻንጣ መቀበል፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ማስረከብና ፍተሻ ማለፍ አለ። ከሁሉም በላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ከአውሮፕላን ማረፊያው መውጣት፣ ማለትም የጃፓንን የድንበር ቁጥጥር ማለፍ ግድ ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ጃፓን ለመግባት ቪዛ ስለሚያስፈልገው፣ እንዲህ ያለውን ቲኬት ከመክፈሉ በፊት የሁለቱንም በረራዎች የማረፊያ ስም አንብቦ የቪዛውን ነገር በጃፓን ኤምባሲ ማጣራት ይኖርበታል።